የሬንዞ ዴ ቬኪ የተጫዋችነት ዘመን፦ የሦስተኛው ወር የጥናት ማስታወሻ

በዚህ ወር ስለ ጥንቱ የጣሊያን እግር ኳስ በምይዘው ደብተር ውስጥ ጊዜዬን በሙሉ የወሰደው የግራ ተከላካዩ ሬንዞ ዴ ቬኪ ነው። በቅድሚያ አንድ እርማት አለኝ፤ ባለፈው ሰንጠረዤ የትውልድ ዘመኑን በአውሮፓውያን፣ የመጀመሪያ ጨዋታውን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር መዝግቤ ልጁን በ8 ዓመቱ ለብሔራዊ ቡድን አሰልፌው ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዴ ቬኪ በ1894 ሚላን ተወልዶ በ15 ዓመቱ ለኤሲ ሚላን መጫወት ጀመረ። ግንቦት 26 ቀን 1910 ጣሊያን ቡዳፔስት ላይ በሃንጋሪ 6 ለ 1 ስትሸነፍ የተሰለፈው ገና በ16 ዓመት ከ112 ቀኑ ነው። ደጋፊዎች «የእግዚአብሔር ልጅ» ይሉት ነበር፤ ለእኛ ጆሮ ከበድ ይላል። በ1913 ወደ ጄኖዋ ሲዛወር፣ ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል ክልክል ስለነበር፣ ክለቡ የባንክ ሥራ አገኘለት።

ብዙ ያደከመኝ የብቃቱ መለኪያ ነበር። አጥቂዎችን ያጠናሁት ግብ እየቆጠርሁ ስለነበር፣ የግራ ተከላካይ ሲገጥመኝ መያዣ አጣሁ። መላው የተገኘው የዘመኑን የ«ከጨዋታ ውጪ» ሕግ ሳነብ ነው። እስከ 1925 ድረስ ኳስ የሚቀበለው አጥቂ በእርሱና በግብ መስመሩ መካከል ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚዎች ሊኖሩ ይገባ ነበር። ስለዚህ ግብ ጠባቂውና አንዱ ተከላካይ ከኋላ ሲቀሩ፣ ሌላኛው ተከላካይ ጥቂት እርምጃ ወደፊት በመውጣት ብቻ አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ ማድረግ ይችላል። በክብሪት እንጨት ጠረጴዛ ላይ ደጋግሜ ደርድሬ ካየሁት በኋላ፣ የአንድ ተከላካይ ችሎታ ከጎኑ ካለው ጓደኛው ጋር ካልሆነ በቀር ሊመዘን እንደማይችል ተረዳሁ።

ቀጥሎ ያስገረመኝ ክፍተቱ ነው። ጣሊያን ከጥር 1915 እስከ ጥር 1920 አንድም ዓለም አቀፍ ጨዋታ አላደረገችም፤ የዴ ቬኪ ከ21 እስከ 25 ያለው ዕድሜ በጦርነቱ ምክንያት ባክኗል። ያም ሆኖ 43 ጊዜ ተሰልፏል፣ በሦስት ኦሊምፒኮችም ተጫውቷል። ይህን ቁጥር ክፍተቱን ሳያስቡ ማንበብ ያሳስታል።

በእንግሊዛዊው አሰልጣኝ ዊልያም ጋርበት ሥር አምበል የሆነበት ጄኖዋ የ1922-23 ሻምፒዮናን በ28 ጨዋታ ሳይሸነፍ ወሰደ፤ በማግስቱ ዓመትም ደገመው። በ1925 በሰሜን ጣሊያን ፍጻሜ አሸናፊው እስኪለይ ከቦሎኛ ጋር አምስት ጊዜ ተገናኝተው፣ የመጨረሻውን ነሐሴ 9 ቀን ሚላን ውስጥ ያለ ተመልካች ተጫውተው ጄኖዋ 2 ለ 0 ተረታ። በሦስተኛው ጨዋታ ተመልካች ሜዳ ከገባ በኋላ ዳኛው ለቦሎኛ ያጸደቁት ግብ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እኔም ወደ ጄኖዋ ማድላቴን አልሸሽግም።

በመጪው ወር የእነዚህን አምስት ጨዋታዎች አሰላለፍ በክብሪቶቼ ልደረድር አስቤአለሁ።