ከጥቁር ጉድጓድ ግጭት ወደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ፦ በሁለቱ መካከል የተማርኩት

ፊዚክስ ያጠና ሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ ምን ይሠራል? ጥያቄው ከዘመድም ከጓደኛም ይመጣብኛል። ሁለተኛ ዲግሪዬ በቲዎሬቲካል ፊዚክስ ነው። ዛሬ የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ቅርንጫፎች ባሉት አንድ የችርቻሮ ድርጅት ነው። የትኛው ቅናሽ ሽያጭ እንደጨመረ፣ የትኛው ደግሞ ገንዘብ በልቶ ብቻ እንደቀረ እለያለሁ። ብዙ ሰው ሙያ የቀየርኩ ይመስለዋል። ለእኔ ግን ዋናው ሥራ ያው ነው፤ ምልክቱን ከመፈለግ በፊት ረብሻውን፣ ማለትም ምልክቱን የሚሸፍነውን ሌላ መዋዠቅ ሁሉ፣ ማወቅ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መሣሪያዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ነበር። ከአንስታይን እኩልታዎች ተነስቶ የስበት ሞገድ (እንደ ጥቁር ጉድጓድ ያሉ ግዙፍ አካላት ሲጋጩ የሚያሰራጩት የኅዋ ንዝረት) እኩልታ ላይ መድረስ ቆንጆ ሥራ ነው፤ አሁንም እወደዋለሁ። ግን ወረቀት ብቻውን ሊቆች እንኳ የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። አንስታይን የስበት ሞገድ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1916 ተነበየ። በ1936 ደግሞ ከናታን ሮዘን ጋር ሆኖ ሞገዱ የለም የሚል ጽሑፍ ለፊዚካል ሪቪው መጽሔት ላከ። ገምጋሚው ስህተት አገኘበት። አንስታይን ተቆጥቶ ጽሑፉን ከመጽሔቱ አነሳ። በኋላ ሌላ መጽሔት ላይ ሲያወጣው መደምደሚያው ተቀይሮ ነበር።

አማካሪዬ አንድ ቀን “ቀመሩን ትወደዋለህ። ዳታውንስ አይተኸዋል?” አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ላይጎ የተባለው የአሜሪካ የስበት ሞገድ መለኪያ የሚያወጣው ዳታ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ኢንተርኔት ያለው ሰው በነፃ ያወርደዋል።

እኔ ያወረድኩት የመጀመሪያውን ግኝት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 09:50:45 ላይ፣ የላይጎ ሁለት መለኪያዎች አንድ ሞገድ መዘገቡ። አንዱ መለኪያ ሉዊዚያና ሊቪንግስተን ነው፣ ሌላው ዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ። ሞገዱ የመጣው ከ1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ነው። የመለኪያዎቹ ክንዶች እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ። ሞገዱ የክንዱን ርዝመት የቀየረው ግን በአተም ውስጥ ካለ ከአንድ ፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጥፍ ባነሰ መጠን ነው። ያወረድኩት የ32 ሰከንድ ፋይል በሰከንድ 4096 ልኬት ይዟል። በድምሩ 131,072 ቁጥር ማለት ነው። አሮጌ ላፕቶፕም አይከብደውም።

ፋይሉን በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ ከፍቼ ስስለው ሞገድ የሚባል ነገር የለም። ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ ወፍራም መስመር ብቻ ነው። በዝቅተኛ ድግግሞሽ የመሬት ንቅናቄ አለ። 60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ንዝረት) ላይ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መስመር ይጮኻል። 500 ሄርዝ አካባቢ መስተዋቶቹን ያንጠለጠሉት የመስታወት ክሮች ይርገበገባሉ። የመጀመሪያው ሥራ ይህን ሁሉ መለካት ነው። በየድግግሞሹ ረብሻው ምን ያህል እንደሆነ ታሰላለህ። ከዚያ ዳታውን በዚያ መጠን ታካፍላለህ። በጣም የሚጮኸው ዝቅ ይላል፣ ሁሉም እኩል ይሆናል። ቀጥሎ ከ35 እስከ 350 ሄርዝ ያለውን ብቻ ታስቀራለህ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብቅ ያለው። 0.2 ሰከንድ ገደማ የሚቆይ፣ ከ35 ወደ 250 ሄርዝ እየቀጠነ የሚወጣ ሞገድ። የሃንፎርዱን በ7 ሚሊ ሰከንድ ያህል አሸሽቼ፣ ላዩን ወደ ታች ገልብጬ፣ ከሊቪንግስተኑ ጋር ደረብኩት። ሁለቱ መስመሮች ጫፍ በጫፍ፣ ጎድጓዳ በጎድጓዳ ገጠሙ። በሺዎች ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሁለት መሣሪያዎች ስለ አንድ ነገር እየመሰከሩ ነው። ድግግሞሹ ከሚያድግበት ፍጥነት ብቻ የተጋጩት አካላት ክብደት ይገመታል። ይፋዊው ውጤት 36 እና 29 የፀሐይ ክብደት ያላቸው፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተዋህደው 62 ሆኑ ይላል። የጎደለው 3 የፀሐይ ክብደት በሞገድ መልክ ሄደ። ቀመሩን በወረቀት ስጽፈው ኖሬ፣ በራሴ ኮድ ስክሪን ላይ ሳየው የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ኮምፒውቲንጉን የተማርኩት በችግር ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቆራረጣል። ስለዚህ ኮዴ በየደረጃው ውጤቱን እንዲያስቀምጥ አድርጌ መጻፍ ለመድኩ። ይህ ልማድ ሥራ ስገባ ከማንኛውም ሰርተፍኬት በላይ ጠቅሞኛል። ጥሩ አልጎሪዝም (የስሌት ዘዴ) ማለት ምን ማለት እንደሆነም እዚያው ገባኝ። 131,072 ቁጥሮችን ወደ ድግግሞሽ ለመቀየር በተለመደው መንገድ 17 ቢሊዮን ገደማ ስሌት ይፈጃል። ኩሊና ቱኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ፈጣን ዘዴ ግን በ2 ሚሊዮን ደረጃ ያልቃል። ርካሽ ላፕቶፕ ይዞ ምርምር መሥራት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ሞገድ የአጋጣሚ ረብሻ አለመሆኑን በምን አወቁ? የላይጎ ሰዎች የሚያደርጉት እንዲህ ነው። የአንዱን መለኪያ ዳታ ከሌላው አንጻር በሰዓት ያንሸራትቱታል። እውነተኛ የስበት ሞገድ በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ልዩነት ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ ከዚያ በላይ ካንሸራተቱት በኋላ የሚገጥም ነገር ሁሉ አጋጣሚ ነው። ይህን እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋግሙታል። የ2015ቱን ምልክት ያህል ጠንካራ አጋጣሚ ከ203,000 ዓመት አንዴ እንኳ የማይከሰት ሆኖ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላም ልማድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2010 ጥቂት ሰዎች በምስጢር የሐሰት ምልክት ወደ መለኪያዎቹ አስገቡ። እንዲህ ያለ ፈተና ሊኖር እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፤ መቼ እንደሆነ ግን አያውቁም። ተመራማሪዎቹ ምልክቱን አገኙት፣ ለወራት መረመሩት፣ የሚታተም ጽሑፍ ሁሉ አዘጋጁ። በማርች 2011 ምስጢሩ ሲገለጥ ሐሰተኛ መሆኑ ታወቀ። ሙከራው ግን አልከሸፈም፤ መሣሪያውም ሰዎቹም እውነተኛው ሲመጣ እንደሚያዩት አረጋገጠ።

ወደ ችርቻሮ የገባሁት ለሁሉም ክፍት በሆነ ዳታ ተለማምጄ ነው። የአንድ የእንግሊዝ የኦንላይን ሱቅ የ2010 እና 2011 (እ.ኤ.አ.) ሽያጭ ለተማሪዎች ተለቋል፤ 541,909 መስመር አለው። ሲ በሚል ፊደል የሚጀምሩት ደረሰኞች የተሰረዙ ናቸው። ሩብ ያህሉ መስመር ደግሞ የደንበኛ ቁጥር የለውም። እነዚህን ሳያጣራ ወደ ሞዴል የሚሮጥ ሰው የትም አይደርስም። ዳታ መክፈት የምትጀምሩ ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ እላለሁ።

የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ረብሻ ግን የራሱ ባሕርይ አለው። ረቡዕና ዓርብ የወተትና የሥጋ ሽያጭ ይወርዳል። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ይተኛል፤ ፋሲካ ሲደርስ ይፈነዳል። ፋሲካም ረመዳንም በየዓመቱ ቀናቸው ይንቀሳቀሳል። ደመወዝ የሚወጣበት ሰሞን አለ፣ የመስከረም የትምህርት ቤት ወጪ አለ። አንዱ ቅርንጫፍ በር ላይ መንገድ ከተቆፈረ ለሳምንታት ሰው አይገባም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ የተለመደ መዋዠቅ ለክቼ ሽያጩን በእሱ አካፈልኩት። ላይጎ ዳታ ላይ የሠራሁት ያው ስሌት ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርብ ላሳያችሁ። ማርኬቲንጎቹ በፋሲካ ሰሞን ወተት ላይ ቅናሽ አደረጉ። ሽያጩ አሻቀበ። ሁሉም ቅናሹ ሠራ አለ። እኔ የቅናሹን ቀን ወስጄ ባለፉት ዓመታት የፋሲካ ሰሞኖች ላይ አንሸራተትኩት፤ ቅናሽ ባልነበረባቸው ዓመታት። እዚያም ያው ዝላይ አለ። ጾሙ ሲፈታ ሰው ወተት ይገዛል፤ ቅናሹ የጨመረው ነገር አልታየም። የማርኬቲንግ ኃላፊዋ ግራፉን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ “እንግዲህ በጾሙ ውስጥ የጾም ምግብ ላይ እንሞክረው” አለች። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቦታ መሥራት ደስ ይላል።

የምስጢሩንም ፈተና አመጣሁት። የአይቲ ባልደረባዬ በዳታው ቅጂ ላይ እኔ በማላውቃቸው ዕቃዎችና ቀናት የሐሰት ጭማሪ እንዲያስገባ ጠየቅኩት። ትልልቆቹን ኮዴ ያዘ፣ ትንንሾቹን አላያቸውም። ይህ በጣም ጠቃሚ እውቀት ነው። አሁን ሥራ አስኪያጁ “ይህ ቅናሽ ሠርቷል?” ሲሉኝ ከሁለት መልስ ይልቅ ሦስት አለኝ። ሠርቷል፣ አልሠራም፣ ወይም ውጤቱ በዚህ ዳታ ሊታይ ከሚችለው ያነሰ ነው። ሦስተኛውን መልስ መስጠት ድፍረት ይጠይቃል፤ ግን እምነት ያመጣልኝ እሱ ነው።

ፊዚክስ ያላስተማረኝም አለ። ጥቁር ጉድጓዶች እየተለኩ መሆናቸውን አያውቁም። ደንበኛ ግን ዋጋ ያያል፣ ያስባል፣ ዘዴ ይፈጥራል። ዘይት ላይ ቅናሽ ሲደረግ ሰው ለወር የሚበቃውን ገዝቶ ያስቀምጣል። በሚቀጥሉት ሳምንታት የዘይት ሽያጭ ይወርዳል። የቅናሹን ሳምንት ብቻ ያየ ሰው ትርፍ ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ የምለካበትን ጊዜ ከቅናሹ በኋላም አስረዝመዋለሁ። ይህን ያስተማሩኝ የቅርንጫፍ ሠራተኞች ናቸው። ካሸሮቹ ማን ምን እንደሚያከማች ከየትኛውም ሞዴል በፊት ያውቃሉ። አዲስ ሥራ የሚጀምር ተመራማሪ ጥቂት ቀን ካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ ቢቆም እመክራለሁ።

ደግሞም ዳታው የሰው ነው። ደንበኞች ለቅናሽ ካርድ ስልካቸውን ይሰጣሉ። እኔ ጋ የሚደርሰው ፋይል ላይ ስልክም ስምም እንዳይኖር አድርገናል፤ ለሥራዬም አያስፈልገኝም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግም ጉዳይ ነው።

አሁን ለገና እየተዘጋጀን ነው። ቅናሹ በየትኞቹ ቅርንጫፎች እንደሚደረግ በዕጣ እንለያለን፤ የቀሩት ያለ ቅናሽ ሆነው ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። ምን ያህል ጭማሪ ማየት እንደምንችልና እስከ መቼ እንደምንለካ አስቀድመን ጽፈን ሥራ አስኪያጁ ፈርመውበታል። ቅናሹ ከተጀመረ በኋላ ያንን ወረቀት መቀየር አይፈቀድም፤ ለእሳቸውም ለእኔም።