ሚላን፦ ከቁም መብራቶች እግር ሥር

ሚላን ላይ የቁም መብራት ለማየት የሚወጣ ሰው ከሞኑሜንታሌ የሜትሮ ጣቢያ ቢጀምር ይሻለዋል። ለኮምፓሶ ዶሮ፣ ለጣሊያን የዲዛይን ሽልማት፣ የበቁ ዕቃዎች የተሰበሰቡበት የአዲአይ ዲዛይን ሙዚየም ከዚያ ሩቅ አይደለም። እኔም ሄጄ የቆምኩት በ1955 (እ.ኤ.አ.) የተሸለመው ሉሚናቶር የተባለ የቁም መብራት ዘንድ ነው። ወንድማማቾቹ አኪሌ እና ፒየር ጃኮሞ ካስቲሊዮኒ ናቸው የነደፉት። ሦስት ቀጫጭን እግሮች፣ አንድ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ አምፖል፤ በቃ። ቱቦው የአምፖሉን መያዣ ያህል ብቻ ይወፍራል። ብርሃኑ ኮርኒስ መትቶ ስለሚመለስ ኮርኒሱ ነጭ መሆን አለበት፤ ጥቁር እንጨት ከሆነ ግማሹን ብርሃን ይበላዋል።

ከጋሪባልዲ ጣቢያ በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር ሄጄ ካዶርና ወረድኩና በእግሬ ወደ ትሪየናሌ፣ ወደ ሌላው የዲዛይን ሙዚየም። ብዙ የቆየሁት አርኮ የተባለው ባለ ቅስት መብራት ሥር ነው፤ ያው የሁለቱ ወንድማማቾች ሥራ፣ 1962። መነሻው የመንገድ መብራት ነው፦ ኮርኒስ ሳይበሱ ጠረጴዛ መሃል ላይ ብርሃን ማውረድ። ቅስቱ 2 ሜትር ያህል ስለሚዘረጋ ከተቀመጠ ሰው ጀርባ ሳህን ይዞ ማለፍ ይቻላል። ይህን ሁሉ ክንድ የሚይዘው 65 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የካራራ እብነ በረድ ነው። ሲያዩት ግን ያን ያህል አይመስልም፤ መጠኑን ባሰላው 24 ሊትር ግድም መጣልኝ፣ አንድ ትልቅ ጄሪካን ማለት ነው። ማዕዘኖቹ የተቆረጡት ሰው እንዳይመቱ ነው። በድንጋዩ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ብዙ ሰው ጌጥ ያደርጋታል፤ የመጥረጊያ እንጨት ማስገቢያ ናት፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ እንዲያነሳ።

ማንሳቱ ላይ ነው ስህተት የሚበዛው። መጀመሪያ ገመዱ ይነቀል፤ ቀጥሎ አምፖሉን የሚሸፍነው ቆብ ይውረድ፣ ከዚያ ቅስቱ ይውጣ፣ ድንጋዩ መጨረሻ። ቅስቱን ሳያወጡ ካነሱት ክንዱ ይወዛወዝና ወደ አንድ ጎን ይጥላል። እንጨቱም ጠንካራ ይሁን፤ የዛሬው የፕላስቲክ መጥረጊያ 65 ኪሎ አይችልም። ሲተክሉ ደግሞ መጀመሪያ ድንጋዩ በሚቆምበት ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ ቆቡ በስተመጨረሻ ይግባ። ቅስቱ እርስ በርሱ እየተሳበ የሚረዝም ስለሆነ ብሎኑ ካልጠበቀ ቀስ በቀስ ይወርዳል። የቆቡን ቀዳዳዎች አይድፈኑ፤ ሙቀት የሚወጣው በእነሱ ነው።

በወሩ የመጨረሻ እሑድ ናቪሊዮ ግራንዴ በተባለው ቦይ ዳር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል፤ መውረጃው ፖርታ ጄኖቫ ጣቢያ ነው። እዚያ ከቆቡ በፊት እግሩን ማየት ይበጃል። እብነ በረዱ ላይ ጥፍር ያሂዱ፤ ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለ ተሰብሮ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። ገመዱን እጥፍ ያድርጉት፤ ጎማው ከተሰነጠቀ ሳይቀየር ሶኬት ላይ አይሰካ። ቴስተር ካለዎት አንዱን ጫፍ መሰኪያው ላይ፣ ሌላውን ብረቱ ላይ ያድርጉ፤ ማብሪያው በርቶም ጠፍቶም ይሞከር። ከኧርዙ እግር በቀር ከየትኛውም ጋር ከተገናኘ መብራቱ ይነዝራል።

አንድ ጠረጴዛ አጠገብ ቶዮ የተባለ ሌላ የቁም መብራት ቆሞ ነበር፤ እሱም የ1962 ነው፣ ራሱ የመኪና የፊት መብራት፣ ገመዱን የሚመራው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ቀለበት። እግሩ ላይ የሚታየው ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፣ በክብደቱም ዘንጉን ያቆማል። የዚህኛው ግን ተነስቶ ኤልኢዲ ገብቶለታል። ይበራል፤ በጣት ነካ ሲያደርጉት ግን ሙሉ በሙሉ ይወዛወዛል። ትራንስፎርመሩ ቢበላሽ እንኳ ከቦታው አይነሳ፤ ከተነሳም ያንኑ ያህል ብረት ይተካለት።

አርኮን ወደ አዲስ አበባ ለመውሰድ ለሚያስብ፦ ድንጋዩ ብቻ የሦስት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ክብደት ሊሆን ምንም አይቀረው፤ መከፋፈልም አይቻልም። በካርጎ ይላካል፣ ማዕዘኖቹ በወፍራም ስፖንጅ ተጠቅልለው፣ በእንጨት ሣጥን።