ሁላ ላይ ምሳ ያከራከረን ቀን

የተራራ ጉዞ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ዳገትና ላብ ነው። እኛ ከሀዋሳ ይዘናቸው የምንወጣው እንግዶች ግን አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ናቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሉ። ስኳርና ግፊት ያለባቸውም አሉ። ስለዚህ ጉዞውን ቀለል አድርገነዋል። ሲዳማ ደጋ ላይ እስካለችው ሁላ ወረዳ ድረስ በመኪና እንሄዳለን። ከዚያ በመንደሩ መንገድ ቀስ እያልን እናዘግማለን፣ አንድ ቤት ገብተን የእንሰት ሥራ እናያለን፣ ቡና ጠጥተን እንመለሳለን። በማስጎብኘት ሥራ ውስጥ እንደዚህ የምወደው ጉዞ የለም። ማንም ማንንም አያስቸኩልም።

መንገዱ በአፖስቶና በአለታ ወንዶ በኩል ነው። አለታ ወንዶ አካባቢ በየጓሮው ቡና ታያላችሁ። ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ቡናው እየሳሳ ይመጣና ይቀራል። በቦታው እንሰት፣ ገብስና ቀርከሃ ይተካል። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሁላዋ ሀገረ ሰላም ግን ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች። በ1,000 ሜትር ልዩነት 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሀዋሳ ላይ በቲሸርት መኪና የገባ ሰው እዚያ ሲወርድ ጋቢ ይጠይቃል። ሾፌራችን ይርጋለም ተወልደው ያደጉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ይህን ስለሚያውቁ ትርፍ ጋቢ ከመኪናው አይጠፋም።

የዚያን ዕለት እንግዶቻችን ከአዳማ የመጡ ጡረተኛ መምህራን ነበሩ። ወሩ ጥቅምት ነው። የላካቸው አዲስ አበባ ያለ አስጎብኚ ድርጅት ሲሆን፣ አስተባባሪም አብሮ ልኮ ነበር። አስተባባሪው ወጣት ነው፤ ሥራውን በቁም ነገር የሚይዝ ልጅ። መኪናው ላይ በካርቶን የታሸገ ምሳ አስጭኗል። የያዘው የፕሮግራም ወረቀት ደግሞ እንግዶቹ ከተዘጋጀላቸው ምሳ ውጭ ምንም እንዳይመገቡ ያዛል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ነገረኝ። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ የወሰዱት ግሩፕ ሆዱን ታሞ ተቸግረዋል። እውነቱን ነው። ትልልቅ ሰዎች ይዞ ከጤና ጣቢያ በራቀ ተራራ ላይ ተቅማጥ ቢነሣ ቀላል ነገር አይደለም።

ሀገረ ሰላምን አለፍ ብለን ከመኪና ወረድንና መንገድ የሚመራን የመንደሩ ልጅ ተቀበለን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ከመምህራኑ አንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ያስተማሩ ናቸው። እኔ ስለ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ጀምሬ እስክጨርስ በጨዋነት ጠበቁኝ፤ ከዚያ ተቀበሉኝ። አድዋ ላይ በመድፍ ስማቸው የተነሣው ባልቻ አባ ነፍሶ ሲዳሞን ይገዙ የነበሩት ከዚችው ከሀገረ ሰላም ነው። በ1920 ዓ.ም. ተፈሪ አዲስ አበባ አስጠርተው ሹመታቸውን ነሷቸው። በኋላ ራስ ደስታ ዳምጠው በይርጋለም ተቀመጡ፤ እሳቸውንም ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ገደላቸው። ሀዋሳ የተቆረቆረችው ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን ሲያስተዳድሩ ነው። «አያችሁ ልጆች፣ ዋና ከተማው ከደጋ ተነሥቶ ሐይቅ ዳር እስኪደርስ ቁልቁል ሲወርድ ኖሯል» አሉን። እኛም በዚያው መንገድ ሽቅብ መውጣታችን ነበር።

መንገድ መሪያችን ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፣ «የኔ አያት ስለዚያ ዘመን የሚያወሩት ስለ ገባርነት ነው» አለ። ማር፣ ከብት፣ ጉልበት መገበር። መምህሩ ቆም ብለው፣ «ልክ ነህ ልጄ፤ እሱ ካልተነገረ ታሪኩ ግማሽ ነው» አሉት። የቀረውን መንገድ ሁለቱ ጎን ለጎን እያወሩ ሄዱ። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁላቸው። አስጎብኚ ዝም ማለት ያለበት ሰዓት አለ።

የምንገባበት ቤት የቀርከሃ ነው፤ ግድግዳው እንደ ቅርጫት የተጠለፈ። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። በቅርብ ያለው የከብቱን ፍግ ስለሚያገኝ ይወፍራል። የቤቱ እመቤት እንሰት ቆርጠው፣ ሳንቃውን ዘንበል አድርገው አቁመው ጠበቁን። መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ በተረከዛቸው የእንሰቱን ልጥ ሳንቃው ላይ አጥብቀው ያዙት። ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች መፋቅ ነው። ነጩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው እጃቸው ላይ ይቀራል። ከሚፋቀው ውስጥ የሚጠለለው ውሃ ሲረጋ ቡላ ይሆናል። የቀረው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ቆጮ የምንለው ይኼ ነው። አንድ እንሰት ለዚህ እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል፤ ብርድ በበዛበት ደግሞ ይዘገያል። ከመምህራኑ አንዷ መፋቂያውን ተቀብለው ሞከሩ። ብዙም ሳይቆዩ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ከቤት ውስጥ የቅቤ ሽታ እየመጣ ነበር። አስተባባሪው ጎተት አደረገኝና፣ «ምግብ እየሠሩ ነው እንዴ? ይኼ እኮ ፕሮግራሙ ላይ የለም» አለኝ። በፕሮግራሙ መሠረት ለቤቱ ሰዎች የተነገራቸው እንግዳ የእንሰት ሥራ ለማየት እንደሚመጣ ብቻ ነው። ግን እንግዳ ይመጣል ተብሎ ምድጃ የማይለኮስበት ቤት የት አለ? እሱ ግን ቶሎ ብሎ መስኩ ላይ ካርቶኖቹን ማደል ጀመረ።

እመቤቲቱ ሻፌታውን በሁለት እጃቸው ይዘው ብቅ አሉ። ሻፌታ የሸክላ ገበታ ነው። እንግዶቹ እያንዳንዳቸው ካርቶን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። እመቤቲቱ በሩ ላይ ቆሙ። በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። መንገድ መሪው አልተረጎመም። ምን አሉ ብዬ ስጠይቀው፣ «ምን አጥፍተን ነው? ነው የሚሉት» አለኝ።

የያዙት ቡርሳሜ ነው። የሲዳማ ሰው ለሚያከብረው እንግዳ የሚያቀርበው ምግብ ነው። የዘመን መለወጫው የፍቼ ጨምባላላ በዓል ታሪክ ራሱ ከዚህ ምግብ ጋር የተያያዘ ነው። አንዲት ያገባች ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ነበር፤ ምግቡን ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ ይካፈለው ነበር ይባላል። በዓሉን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። እንግዲህ ይህን ምግብ ይዘው ወጥተው ነው እንግዳው ካርቶን ታቅፎ ያገኙት።

ነገሩን የያዙት የቤቱ አባወራ ናቸው። አልተቆጡም። በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡና አስተባባሪውን፣ ሾፌራችንንና እኔን ጠሩን። ሲዳማ ውስጥ ነገር ሲነሣ የሽማግሌ የመጀመሪያ ሥራ ማዳመጥ ነው። አፊኒ ይሉታል። ሁሉም የሰማውንና ያየውን ተራ በተራ ሳይናገር ወደ ፍርድ አይሄዱም። መጀመሪያ አስተባባሪውን ጠየቁት። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ግን አልዋሸም። «በልተናል» ብሎ መገላገል ይችል ነበር። «አባቴ፣ ምግባችሁን ንቀን አይደለም። እነዚህን ሰዎች አደራ ተቀብዬ ነው የመጣሁት። ቢታሙብኝ ምን እላለሁ?» አላቸው። ሾፌራችን ቃል በቃል ተረጎሙለት። አደራ የምትለው ነገር አባወራውን ያለሰለሰቻቸው ይመስለኛል። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ «የምትፈሩት ምኑን ነው?» አሉ።

ጥሩ ጥያቄ ነበር። እስከዚያ ድረስ ማናችንም አልጠየቅነውም። ሲጠየቁ ፍርሃቱ ውሃና ወተት ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሴቶች ደግሞ ጽጌን ይጾማሉ፤ ቅቤ አይነኩም። ሌላ ነገር የለም።

ባዮሎጂ ያስተማሩ አንዲት መምህርት ተነሡና፣ «እትዬ፣ ቅር ካላላችሁ ሲሠራ ልይ?» አሉ። እኔ ይከፋቸዋል ብዬ ነበር። እመቤቲቱ ግን ደስ አላቸው፤ እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። ቀጥሎ የሚሠራው ሁለተኛው ዙር ስለነበር ከመነሻው ታየ። ቆጮው በቃጫ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፤ ውሃው እስኪደርቅ። ከዚያ በቢላ እየተመታ ይከተፋል፣ ጭረቱ እየተለቀመ ይወጣል። ሲነፋ ደቃቅ ሆኖ ይወርዳል። የጋለ ምጣድ ላይ ይፈስና እየተማሰለ ይበስላል። መጨረሻ ላይ የተነጠረው ቅቤ ይገባበታል። መምህርቷ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ለተሰበሰብነው ያስረዱን ጀመር። ቆጮው ሲብላላ ኮምጥጧል፣ ውሃው ተጨምቋል፣ እሳት ነክቶታል፤ ይኼ የሚፈራ ምግብ አይደለም። ወተቱ ግን ይፈላ አሉ። ካልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስም የሳንባ ነቀርሳም ሊመጣ ይችላል። እመቤቲቱ ምንም አልመሰላቸውም፤ ወተቱን ወዲያው ጣዱት።

የቤቱ ሰዎች ፕሮቴስታንት ናቸው፤ የጽጌ ጾም አይጾሙም። ነገሩ ሲነገራቸው ግን ሁለት ጊዜ ማስረዳት አላስፈለገም። ልጃቸው ወደ ጓሮ ሮጠች። ቅቤ ያልነካው ድስት ከጎረቤት መጣ። ጎመን ተቀቀለ፣ ሚጥሚጣ ተነሰነሰበት። ደረቅ ቆጮ በቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ተጋገረ። ከጾመኞቹ አንዷ የድስቱ ነገር ሲታሰብላቸው አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አስተባባሪው አዲስ አበባ ለመደወል ቢሞክር ኔትወርክ የለም። ትንሽ አሰበና፣ «የፈለገ ይብላ፣ ያልፈለገ ካርቶኑ አለለት። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አለ። መጀመሪያ የቀመሰውም እሱ ነው። ይህን ልጅ የዚያን ቀን አከበርኩት። የታዘዘው ወረቀት እጁ ላይ ነበር፤ ከወረቀቱ ጀርባ ቢደበቅ ማንም አይጠይቀውም ነበር።

የታሪክ መምህሩ ካርቶኖቹ ሁሉ ተከፍተው መሐል ላይ ይቀመጡ አሉ። ሙዙና ጁሱ ለልጆች ሄደ። አባወራው የእንቁላል ሳንድዊች ቀምሰው ጨው አንሶታል አሉ። ቡርሳሜው በእንሰት ቅጠል ቁራጭ እየተጠቀለለ ተበላ። «በጥቅምት አንድ አጥንት ሲሉ ቡርሳሜን ሳያውቁ ነው!» ያሉት እኚያው መፋቂያ ይዘው የሞከሩት መምህርት ናቸው። ከዚያ ቡና ተፈላ። ሦስተኛው እስኪጠጣ ማንም አልተነሣም። በማግስቱ ስደውል ሁሉም ደህና ነበሩ።

ልንሄድ ስንል የባዮሎጂ መምህርቷ ሌላ ነገር አነሡ። «ለእትዬ የሚከፍለው ማነው?» የጉብኝቱ ክፍያ እስከዚያ ድረስ በመንገድ መሪው በኩል ለአባወራው ነበር የሚሰጠው። ከመፋቅ እስከ መጋገር ያለውን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እኔ በዚህ ነገር ላይ አልደራደርም፤ የእንሰት ሥራ ለማየት የሚከፈል ገንዘብ ለፋቂዋ እጅ መግባት አለበት። አባወራው ራሳቸው ይህን ሲሰሙ፣ «ትክክል ነው፣ ድካሙ የሷ ነው» አሉ። የዚያን ዕለቱ ክፍያ ለእመቤቲቱ በእጃቸው ተሰጠ። የምግቡም ለብቻው ታስቦ ተጨመረ።

ሀዋሳ ስንመለስ ከአስተባባሪው ጋር ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ፕሮግራሙን እንደገና ጻፍነው። ለቤቱ ሰዎች አስቀድሞ ይደወላል። ምን እንደሚቀርብ ይነገረናል። ወተት ይፈላል፣ የሚጠጣ ውሃ እኛ እንወስዳለን። እንግዶች ከመመዝገባቸው በፊት ሕመም፣ የማይስማማቸው ምግብና ጾም ይጠየቃሉ። ቡርሳሜ የሚሠራበትን ማየት ራሱ የጉዞው አንድ ክፍል ሆነ፤ ጊዜም ተመደበለት። በሁዳዴ ለሚመጣ ግሩፕ ጎመንና ቆጮ አስቀድሞ ይታዘዛል። ድርጅቱ የምሳ ካርቶኑን ሙሉ በሙሉ አልተወም። ለመንገድ ብቻ ይሁን በሚለው ተስማማን።

ቀጣዩ ግሩፕ ለረቡዕ ተይዞ ነበር። አስተባባሪው ራሱ ደውሎ ወደ ማክሰኞ አዞረው።