ትምህርት ቤቱ የጠየቀንን ይዘን ስንሄድ

ዘንድሮም የማስተማር ዘዴ ኮርሴን ሳዘጋጅ የረቡዕ ከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ከግቢ አውጥቼ ወደ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወስጄዋለሁ። ተማሪዎቼ ነገ መምህራን ናቸው፤ እዚያ ትምህርት ቤቱን እያገለገሉ ይማራሉ። አንድ ባልደረባዬ ፕሮግራሙን አይቶ «ፕራክቲከም አላቸው አይደል እንዴ? ለምን ታደክሚያቸዋለሽ?» አለኝ። የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ እዚሁ ልመልሰው።

ፕራክቲከም፣ ማለትም የማስተማር ልምምዱ፣ ያስፈልጋል። ግን ተማሪዬ እዚያ የምትሄደው ልትገመገም ነው። የትምህርት ዕቅዷን ሞልታ፣ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ 40 ደቂቃ ታስተምራለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ቅጽ እሞላለሁ። ልጆቹም «እንግዳ አለ» ተብለው ጭጭ ይላሉ። ጎበዞቹ እጅ ያወጣሉ፣ እሷም እነሱኑ ትጠይቃለች። ሁላችንም በሰላም እንለያያለን። መጨረሻ ዴስክ ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ልጅ ግን ማንም አላየውም።

በአገልግሎት መማር የምለው ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ በእርግጥ የቸገረውን ሥራ ትሠራለህ። ሥራው ከኮርሱ ጋር የተያያዘ ነው፣ ነጥብም አለው። ከዚያ ክፍል ተመልሰህ ያየኸውን ትናገራለህ፣ ትጽፋለህ፣ ትከራከርበታለህ። ይሄ የመጨረሻው ከሌለ በጎ ሥራ ሆኖ ይቀራል። በጎ ሥራ ጥሩ ነው፤ ኮርስ ግን አይደለም።

ከደባርቅ የመጣች አንዲት ተማሪዬ ነበረች። የደረሳት የሁለተኛ ክፍል ልጅ የፊደል ገበታውን ከላይ እስከ ታች ይወርደዋል። አንድም አይስትም። «ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ያነባል እኮ፣ ለምን ሰጡኝ?» አለችኝ። ከገበታው አውጥተሽ ሞክሪው አልኳት። ብጣሽ ወረቀት ላይ «ሚ» ብላ ጻፈችለት። ልጁ ወረቀቱን አየና ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ገበታ መፈለግ ጀመረ። መስመሩን ሲያገኘው በጣቱ ከሩቅ እየጠቆመ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብሎ ወረደና «ሚ!» አላት፣ ፊቱ በርቶ። እሷም ነገሩ ገባት። ወንበሩን አዙራ ጀርባውን ለገበታው ሰጠችውና «ሎ» ጻፈች። ልጁ ዝም አለ። አንገቱን ሊያዞር ይሞክራል፣ ደግሞ ያፍራል።

231ዱን ፊደል በዜማ ይዞታል፤ አንዱን ለብቻው ስትሰጠው ግን አያውቀውም። ክፍሉ ውስጥ ከ60 ልጆች ጋር አብሮ ሲጮህ ደግሞ ማን ይለየዋል? መምህሩን አልወቅስም፣ 60 ልጅ ይዞ አንድ በአንድ መስማት አይቻልም።

ተማሪዬ ከአሮጌ ካላንደር ጀርባ ካርድ ቆርጣ፣ ከስሙ ፊደላት ጀምራ፣ እያዘበራረቀች አስተማረችው። ስለ ፊደልና ድምፅ ግንኙነት የሚያወራውን የኮርሱን ምዕራፍ ያን ሳምንት ከልቧ አነበበችው። ቀድማ ብታነበው ለፈተና ነበር። አሁን ግን መልስ የምትፈልግለትን ጥያቄ ይዛ ነው ገጹን የገለጠችው፣ ጥያቄዋም ከእኔ ማስታወሻ አልፎ ሄደ።

ዋናው ነገር ግን መጠየቅ ነው። ከመሄዳችን በፊት ርዕሰ መምህሩን፣ የታችኛውን ክፍል መምህራን፣ ወላጆችን እንጠይቃለን። በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ልጆቻችንን ታስተምሩልናላችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። እኛንስ? ካርድ በመጣ ቁጥር የሚያነብልኝ ጎረቤት ነው። ልጄ ወድቆ አልፌያለሁ ቢለኝ በምን አውቃለሁ?» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጡት እናቶች አጉረመረሙ፣ «እውነቷን ነው» እያሉ። በዕቅዳችን ውስጥ ይህ አልነበረም። ሁለት ተማሪዎች ከሕፃናቱ ተቀንሰው ወደ እናቶቹ ሄዱ፤ የመጀመሪያው መማሪያ ጽሑፍም የልጆቹ የውጤት ካርድ ሆነ።

ሮበርት ሲግመን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 ለእንዲህ ያለው ትምህርት ሦስት መርሆች ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው፣ የሚሰጠውን አገልግሎት የሚወስነው ተገልጋዩ ነው ይላል። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ባነር ዘርግቶ፣ ደብተር አድሎ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ቀላል ነው። ደብተሩ ይጠቅማል፣ አልጠላውም። ግን ያቺን እናት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ደግሞ ጎንደር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። እዚህ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የጤና መኮንን፣ የነርስና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ ከሕዝቡ መሃል ሠርተው ተማሩ። ቲም ትሬኒንግ የሚባለው እሱ ነው፣ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንንም ተመልከቱ። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን እያስቀጸለ ነው የራሱን ትምህርት የሚያጸናው። ታዲያ ሐኪሙ ከታማሚው ዘንድ ሄዶ ከተማረ፣ መምህሩ ማንበብ ካቃተው ልጅ ዘንድ ሄዶ የማይማርበት ምክንያት አይታየኝም።

በአገር ደረጃም ብዙ ሞክረናል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየክፍለ ሀገሩ ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። በእኛ አቆጣጠር በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ፣ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ብዙ ሰው ፊደል ቆጥሮበታል፣ ይህን የሚያሳንስ ሰው አልወድም። እኔ የምለው ሥራ ግን በዓይነቱም በመጠኑም ይለያል። ትንሽ ነው፣ በአንድ ኮርስ ውስጥ ያለ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ክፍል ውስጥ ይወራበታል።

የዓርቡን ውይይት ለማንም አልለውጠውም። አንድ ተማሪ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ «እነዚህ ልጆች የድሃ ልጆች ስለሆኑ ሂሳብ አይገባቸውም» ብሎ ጻፈ። ፈቃዱን ጠይቄ ለክፍሉ አነበብኩት። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዷ ተነስታ «አንተ የያዝከው ልጅ ፒያሳ ማስቲካና ሶፍት ይሸጣል፣ ትናንት ገዝቼዋለሁ። መልስ እንዴት እንደሚሰጥ አይተሃል?» አለችው። በሚቀጥለው ረቡዕ ተማሪዬ ልጁን የመቶ ብር መልስ እንዴት እንደሚያሰላ እንዲያስረዳው ጠየቀው። ልጁ አይቀንስም፤ ከሸጠበት ዋጋ ተነስቶ እስከ መቶ እየደመረ ይወጣል። ተማሪዬም ሰሌዳ ላይ ያለውን መቀነስ ከዚያ ተነስቶ አስተማረው። ያ ተማሪ አሁን መምህር ነው። የጻፈውን አልሰረዘም፤ ከሥሩ ቀን ጽፎ ሌላ አንቀጽ ጨመረበት።

ችግር የለም አልልም። ከዩኒቨርሲቲያችን ማራኪ ግቢ እስከ ትምህርት ቤቱ የባጃጅ ሂሳብ ከተማሪ ኪስ መውጣት የለበትም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ ቁጥር 1152/2011፣ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከዩኒቨርሲቲ ሥራዎች አንዱ ያደርገዋል። ሥራው ከሆነ በጀት ሊያዝለት ይገባል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በክልላችን ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ከርመዋል፤ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ሥራ ከአንድ መምህር አቅም በላይ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሴሚስተር ሲያልቅ ነው። ልጅ ይለምዳል። ረቡዕ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የእኛ ተማሪ ደግሞ ፈተና ደርሶበት ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር አለው። የት እንደደረሰ፣ ምን እንደሚያስቸግረው፣ በምን እንደሚስቅ ሳይቀር ይጻፍበታል፤ ከዚያም ለክፍሉ መምህር ቀርቦ ለሚቀጥለው ተማሪ ይተላለፋል። ነባሩ ተማሪ አዲሱን ይዞ ሄዶ ከልጁ ጋር ሳያስተዋውቅ ኮርሱን ጨርሷል አልልም።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ትምህርት ቤቱ የጠየቀን የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። የዘንድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ የቋንቋ ናቸው። የሂሳብ ዲፓርትመንት ባልደረቦቼ፣ ይህን ካነበባችሁ ቢሮዬ ብቅ በሉ፤ ደብተሮቹን አሳያችኋለሁ።