ጢም ያበቀለችው ጀልባ

ጀልባዬ ጢም አብቅላለች። ነጭ ፊቷ ላይ፣ ልክ ውሃው በሚነካት መስመር፣ ከአፍንጫዋ እስከ ወገቧ ቡናማ እድፍ ተጋድሟል። ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ የሚለቀው ታኒን ነው። ከሱ ከፍ ብሎ ደግሞ በእጅ መደገፊያው እግር ካሉት አራት ብሎኖች ስር የዝገት እንባ ወርዷል።

ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ፈተግኩ። በሳሙና፣ በብሩሽ፣ መጨረሻ ላይ በንዴት በድስት መፈተጊያ ሽቦ። ሽቦው ትልቁ ጥፋቴ ነበር። ብናኙ ጄልኮቱ ላይ (የጀልባዋ የላይኛው ለስላሳ ሽፋን) ተሰክቶ ቀረ፤ በሳምንቱ እሱም ዝጎ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ አለ። ከዚያ በረኪና ሞከርኩ። አረንጓዴውን አልጌ አነሳው፣ ዝገቱን ግን ንክች አላደረገውም። ዝገት ኦክስጅን የበላው ብረት ነው፤ በረኪና ደግሞ ራሱ ኦክሳይድ አድራጊ፣ ማለትም ኦክስጅን አቀባይ። ለጠላት ስንቅ ማቀበል በሉት።

መፍትሔው ኦክሳሊክ አሲድ ሆነ። የእንጨት እድፍ ለማንጣት የሚሸጥ ነጭ ዱቄት ነው። «ለጀልባ» ተብለው የታሸጉ ብዙ ማጽጃዎችም ውስጣቸው ያለው እሱው ነው፤ የምንከፍለው ለጠርሙሱ ነው።

ጀልባዋን ከውሃ አውጥቼ፣ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ያህል አሟሟሁ። ግን ጎኗ ቀጥ ያለ ነው፤ ፈሳሹ ሽው ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ የበቆሎ ስታርች አፍልቼ፣ ቀዝቀዝ ሲል ቀላቀልኩበትና እንደ ሙጫ ወፈረልኝ። ፀሐይ እንዳያደርቀው ጥላ ሲሆን ጠብቄ በቀለም ብሩሽ ለቀለቅኩት።

ከዚያ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። አምስት ደቂቃ፣ ምንም። ወደ አስር ሲጠጋ የአንዱ እንባ ጫፍ ደበዘዘ። ቀስ በቀስ ቢጫው ከፋይበር ግላሱ ለቆ ወደ ሙጫው ገባ። አሲዱ ብረቱን ይዞ በውሃ የሚሟሟ ያደርገዋል። ውሃ ስለቅበት፣ አሲዱና ዝገቱ ተያይዘው ሄዱ። ጢሙም አብሮ። አንድ ጊዜ እንኳን አልፈተግኩም! ሁለቱ ቅዳሜዎቼ ትዝ አሉኝና ተናደድኩ።

ኦክሳሊክ አሲድ መርዝ ነው። ጓንትና መነጽር የግድ ነው፣ ዱቄቱንም መተንፈስ አይገባም። ከበረኪና ጋር ከተገናኘ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እኔ በረኪናውን ከቀባሁ ሳምንት አልፎት፣ ዝናብም አጥቦት ነበር፤ ዕድል እንጂ ብልሃት አልነበረም።

አሲዱ ጄልኮቱን የሚሸፍነውን ሰምም ይዞት ስለሚሄድ በነጋታው ሁለቴ ሰም ቀባሁ። ራቁቱን የቀረ ጄልኮት ታኒኑን እንደገና ይጠጣል። ብሎኖቹንም ፈትቼ፣ ውሃ እንዳይገባ በማሸጊያ ሞልቼ መለስኳቸው። ሦስቱን ማለቴ ነው። አራተኛው አልዞር አለኝ። ዛሬ ጠዋት አጎንብሼ ሳየው ከስሩ ክር የምታህል ቢጫ መስመር ጀምራለች።