ምጥ አይደለም አልኳችሁ!

ስታረግዢ ስለ ማቅለሽለሹ የማይነግርሽ ሰው የለም። ስለ ቃሩም፣ ስለ እግር እብጠቱም ትሰሚያለሽ። ስለ ዳሌ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔም ዳሌ የሚባል ነገር እንዳለኝ በቅጡ ያወቅኩት ስድስተኛ ወሬ ላይ ነው።

የጀመረኝ አልጋ ላይ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ልገላበጥ አንድ እግሬን ሳነሳ፣ ከፊት በኩል እዚያ ታች፣ አጥንቱ "ቋ" ይላል። ከዚያ እስከ ታፋዬ የሚወርድ ውጋት ይከተላል። ባሌ መጀመሪያ ሰሞን ብድግ ብሎ መብራት ያበራ ነበር። በኋላ ለመደው። "ተገላበጥሽ?" ይለኛል፣ መልሶ ያንኮራፋል። ሱሪ መልበስ ሌላ ጣጣ ነው። በአንድ እግር መቆም ስለማልችል አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምለብሰው። ካልሲ የሚያጠልቅልኝ እሱ ነው። ሁሌም ታዲያ ተረከዙን ወደ ላይ አዙሮ።

ሐኪሟ ነገሩን አብራራችልኝ። የዳሌ አጥንቶች ከፊት የሚገናኙበት ቦታ አለ። በእርግዝና ጊዜ ሪላክሲን የሚባል ሆርሞን እዚያ ያሉትን ጅማቶች ያላላቸዋል። መገጣጠሚያው ሲላላና ክብደቱ ሲጨምር ሕመሙ ይመጣል። ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷን ያህል ያጋጥማታል፣ ልጁን ግን አይጎዳውም አለችኝ። "ልጁ የሚወጣበት መንገድ እየተዘጋጀ ነው በይው።" እሺ፣ ይዘጋጅ። ግን እንደ ኮሪደር ልማት ከወራት በፊት መቆፈር ምን አስፈለገ?

ወደ ፊዚዮቴራፒስት ላከችኝ። እሷ ደግሞ ሕግ አወጣችልኝ። ስትገላበጪ ጉልበትሽን ግጠሚ። ስትተኚ በጉልበቶችሽ መሀል ትራስ አድርጊ። በአንድ ትከሻ ከባድ ቦርሳ አትያዢ። ደረጃ ስትወጪ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርጂ የሚያምሽ ይቅደም፣ አንድ አንድ ደረጃ ብቻ። ይህን የምትነግረኝ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለምኖር ሴት ነው። ሊፍት የለንም። ደረጃ ላይ ስንቴ ጎረቤት ቀድሞኝ ሄዶ፣ ሱቅ ደርሶ፣ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ እዚያው ደረጃ ላይ ሰላም ተባብለናል።

የቤተሰብ ምክር ደግሞ ሌላ ነው። እማዬ "እኔ አንቺን አርግዤ እንሥራ ተሸክሜ ዳገት እወጣ ነበር" ትለኛለች። እማዬ ተወልዳ ያደገችው መርካቶ ነው። ቧንቧው ግቢያቸው ውስጥ ነበር። ዳገቱ የት እንደሆነ እስካሁን አልተገለጠልኝም። የምድር ቤቷ እትዬ "ወጌሻ ልጥራልሽ፣ አንዴ ቢያሽሽ ይገጥማል" አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ በቻልኩት ፍጥነት ሸሸሁ፣ ማለትም ቀስ ብዬ። የሥራ ባልደረባዬ ከቦርሳዋ ዳይክሎፌናክ አውጥታ ሰጠችኝ። ሐኪሟ ግን እሱንና አይቡፕሮፌንን እንዳልነካ፣ ፓራሲታሞልም ቢሆን ሳልጠይቅ እንዳልወስድ አስጠንቅቃኝ ነበር።

ከምክሮቹ ሁሉ የወደድኩት የፌስታሉን ነው። መኪና ስትገቢ እግርሽን አታስቀድሚ። ወንበሩ ላይ ፌስታል አንጥፈሽ በጀርባ በኩል ቁጭ በይ፣ ከዚያ ጉልበትሽን ገጥመሽ ዙሪ። ፌስታሉ ስለሚያንሸራትት ዳሌሽ አይጣመምም። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚከለክለውን አዋጅ ሲያጸድቅ ስለ አካባቢው እንጂ ስለ ዳሌዬ አላሰበም። ደግነቱ እማዬ ፍራሽ ሥር ያጠራቀመችው ለልጅ ልጆቿም ይተርፋል።

እንግዲህ በዚህ እውቀት ታጥቄ ነው የጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ የተገኘሁት። ጀሞ–ሜክሲኮ። ሰልፈኛው ሆዴን አይቶ ወደ ፊት አሳለፈኝ። ወያላው "ማዘር ጋቢና ትግባ! ጋቢና ልቀቁላት!" አለ። የከተማችን ሰው ለነፍሰ ጡር ያለውን ክብር የሚገልጸው ጋቢና በመስጠት ነው። ግን ያቺን ጋቢና በደንብ አይታችኋት ታውቃላችሁ? ጎማው ላይ ነው የተቀመጠችው። ለመግባት አንዱን እግር ወገብ ድረስ አንስቶ፣ እጀታ ይዞ፣ ተስፈንጥሮ መውጣት ነው። ለኔ ዳሌ ከዚያ የባሰ ቅጣት የለም።

"በሩ ጋ ይሻለኛል" አልኩ።

"ኧረ ማዘር አትፍሪ፣ ይለቁልሻል!"

"አልፈራሁም፣ በሩ ጋ ነው የምፈልገው።"

ወያላው ቅር አለው። ፌስታሌን ሳነጥፍ ደግሞ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አየኝ። አጠገቤ የነበሩት ነጠላ የለበሱ እናት ጠጋ ብለው "ያስመልስሻል እንዴ ልጄ?" አሉኝ። ቁጭ አልኩ፣ ጉልበቴን ገጠምኩ፣ ዞርኩ። እንደ ቅቤ ገባሁ።

መካኒሳ አካባቢ አንድ ባጃጅ ድንገት ፊታችን ገባ። ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። ፌስታሉ ሥራውን ሠራ። እኔ ተንሸራትቼ ወደ ፊት፣ ግራ እግሬ ወደ በሩ፣ ቀኜ ወደ ወንበሩ ሥር። "ቋ!"

"ኧረ እመቤቴ!" ብዬ ጮህኩ።

በዚያው ቅጽበት ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ሃይላንድ ክዳኑ ተፈናጥሮ ውሃው ወለሉ ላይ ተንዠቀዠቀ።

ነጠላ የለበሱት እናት ወለሉን አዩ። እኔን አዩ። "ውሃዋ ፈሰሰ!" አሉ።

ከዚያ በኋላ የኔን ድምፅ የሰማ የለም። "ምጥ አይደለም! ዳሌዬን ነው! ውሃው የሃይላንድ ነው!" እያልኩ ነው። ወያላው ጣሪያውን እየደበደበ "ንዳው! ንዳው!" ይላል። ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ ክላክሱን ይዞ ቀረ። ከኋላ አንዱ ወጣት ቪዲዮ ሊቀርጽ ስልኩን ሲያወጣ በነጠላ ተመታ። አንድ ሰውዬ ቀስ ብለው "ወራጅ አለ" ቢሉ ታክሲው በሙሉ ተነሣባቸው። "ሰው ልትወልድ አንተ ወራጅ ትላለህ?" ሰውዬው አንገታቸውን ደፍተው አብረውን ቀጠሉ።

እኔ ደግሞ የፊዚዮቴራፒስቷ ሕግ ትዝ አለኝና ጉልበቶቼን ግጥም አድርጌ ያዝኩ። እናትየው ደነገጡ።

"አትግጠሚ ልጄ! ታፍኚዋለሽ!"

"እማማ፣ እንድገጥም ታዝዤ ነው።"

"የመጀመሪያሽ ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ታውቂያለሽ? ክፈቺ!"

አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ደረስን። ጥበቃው ዊልቸር ይዞ ሮጠ። አዋላጇ ጓንቷን እያጠለቀች ተቀበለችን። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ናት። ሆዴን ዳሰሰች፣ የልጁን የልብ ምት አዳመጠች፣ ከዚያ ወረቀቷ ላይ ልትጽፍ እስክሪብቶ አነሳች።

"ሽርት ውሃው ስንት ሰዓት ላይ ፈሰሰ?"

"ባጃጁ ሲገባብን።"

"ቀለም ነበረው?"

"ክዳን ነበረው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ኮስተር ብላ ትክክለኛውን ነገር አስረዳችኝ። ሆድሽ እየጠነከረ፣ በየጊዜው እየመጣ እየሄደ የሚበረታ ሕመም ካለ፣ ደም ከታየሽ፣ ወይ የእውነት ውሃ ከፈሰሰ፣ ወይ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ማንንም ሳትሰሚ ነይ። ስትዞሪና እግርሽን ስትከፍቺ ብቻ የሚያምሽ ከሆነ ዳሌሽ ነው። ዳሌ የሚደግፍ ቀበቶ እንዳስርም መከረችኝ። ከዚያ ሸኘችኝ።

ስወጣ ታክሲው አልሄደም። ተሳፋሪው በሙሉ በር ላይ ቆሟል። ወራጅ ያሉት ሰውዬ ሳይቀሩ። እናትየው እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ሆዴን አዩና መልሰው ዘጉት።

"አልወለደችም እንዴ?" አለ አንዱ፣ ገንዘቡ እንደተበላበት ሰው።

"ዳሌዬን ነው አልኳችሁ!"

ትንሽ ተያዩ። ወያላው ቶሎ አገገመ። "በሉ ግቡ፣ ግቡ! ሜክሲኮ! አንቺ ማዘር ግን ከእንግዲህ በር ጋ አትቀመጪም፣ በኔ ይሁንብሽ፣ ጋቢና ነሽ!"

"ኧረ ጋቢና አልፈልግም!"

"ይሉኝታ ይዟት ነው፣ አግዙኝ" አሉ እናትየው።

ከግራም ከቀኝም ይዘው አነሱኝ። አንዱ እግሬን ጋቢናው ላይ ሲሰቅሉት የጮህኩት ጩኸት ሌላ ነው። አዋላጇ ጓንቷን እያጠለቀች ተመልሳ ወጣች።