ሁለተኛው ጠርሙስ

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ምግብ ቤት የወይን አስተናጋጅ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ የእናቱን ሰባኛ ዓመት ሊያከብር የፈለገ ሰው ለ12 እንግዶች ሰባት ዙር ምግብ አዘዘ። አምስቱ ዙሮች የየራሳቸው ወይን ነበራቸው። እንዲህ ያለ ግብዣ ቤታችን በዓመት ሁለት ሦስቴ ቢያገኝ ነው፤ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ወይኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከቀላል ወደ ከባድ፣ ስኳር ከሌለው ወደ ጣፋጭ ነው የሚኬደው፤ ጣፋጩ ከቀደመ የሚከተለው ሁሉ አፍ ላይ ይኮመጥጣል። በሻምፓኝ ጀመርን፤ ለዓሣው ሻብሊ የተባለው የፈረንሳይ ነጭ ወይን ቀረበ። ደንቡን የጣስኩት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሼፉ አራተኛውን ዙር በአዋዜ ስለሠራው ከጀርመን ሞዜል የመጣ፣ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ሪስሊንግ የሚባል ነጭ ወይን አቀረብኩለት። በርበሬ ባለበት ምግብ ላይ አልኮሉ የበረታ ወይን ሲጨመር ቃጠሎው ይብሳል፤ ጥቂት ስኳር ያለው ግን ያበርደዋል። እንግዶቹ በጣም ወደዱት፤ እናትየዋ እንኳ ወይን ብዙም እንደማይጠጡ ነግረውኝ ሳለ ብርጭቋቸውን ጨረሱት። በዚያች ሰዓት ልቤ ሞላ።

አምስተኛው የጠቦት ጎድን ነበር፤ ወይኑም ከፈረንሳይ ሳንቴሚሊዮን የመጣ፣ ሜርሎ የሚባለው የወይን ፍሬ ዓይነት የሚበዛበት ቀይ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለሰው 100 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ ለሰባት ሰው ይበቃል። ስለዚህ ለ12 እንግዶች ሁለት ጠርሙስ አዘጋጀሁ። የመጀመሪያውን ጋባዡ ፊት ከፈትኩት፤ ቀምሶ መልካም ነው አለኝ። ከእናትየዋ ጀምሬ ሰባቱን ቀዳሁ። ሁለተኛውን ጓዳ ውስጥ ከፍቼ በቀጥታ ለቀሩት አምስቱ ቀዳሁ። አልቀመስኩትም፤ አላሸተትኩትም። ያው ወይን፣ ያው ዓመት፣ ከአንድ ካርቶን የወጣ ነው ብዬ ነው። ጠቦቱም እየቀዘቀዘ ነበር።

ሳህን ለማንሳት ስመለስ ትሪዬ ላይ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። ከጠረጴዛው ራስጌ የተነሡት ብርጭቆዎች ባዶ ናቸው፤ ከግርጌ በኩል ያሉት አምስቱ ግን አንድ አንድ ጉንጭ ብቻ ጎድሎላቸዋል። አንዷ ወጣት እንግዳ ብርጭቆዋን ላነሳ ስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ፣ ወይን ስለማላውቅ ነው መሰለኝ» አለችኝ። አምስት ሰው፣ አንድም ቅሬታ የለም። የሰው ግብዣ ላይ ተቀምጦ «ይህ ተበላሽቷል» ማለትን ይሉኝታ አይፈቅድም።

ጓዳ ገብቼ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ቀዳሁና አሸተትኩት። ዝናብ የመታው ካርቶን፣ መስኮቱ ተከፍቶ የማያውቅ ምድር ቤት። የፍራፍሬው ሽታ ጨርሶ ጠፍቷል። በትምህርት ብቻ የማውቀው የቡሽ ብልሽት ይኸው ነበር። ቡሽ ላይ የሚኖሩ ሻጋታዎች ክሎሪን ያለባቸው ውህዶች ሲያገኙ ትራይክሎሮአኒሶል የሚባል ነገር ይሠራሉ። በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ብቻ ቢኖር አፍንጫ ይለየዋል። ጤና አይጎዳም። ክፋቱ ሌላ ነው፤ መጠኑ ሲያንስ ግልጽ ሽታ ሳያወጣ የወይኑን ጣዕም ብቻ ያደበዝዘዋል፣ ጠጪውም ጥፋቱን ከጠርሙሱ ሳይሆን ከራሱ ይፈልገዋል። ያቺ ልጅ ያለችኝ ይህንኑ ነው። እስካሁን የሚቆጨኝም ከወይኑ ዋጋ ይልቅ እሷ ይቅርታ መጠየቋ ነው።

ለኃላፊዬ የሆነውን ሳልሸፋፍን ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ «ሌላ ክፈት፣ አሁን ቅመስ» ብቻ አለኝ። ሦስተኛውን ጠርሙስ ከፈትኩ፣ ቀመስኩ፤ ንጹሕ ነው። ሼፉ ከተረፈው ጎድን ለአምስቱ ቀጫጭን አድርጎ ቆረጠላቸው። በአዲስ ብርጭቆ ይዤ ሄድኩና፣ «የቀዳሁላችሁ ወይን ከቡሹ የተበላሸ ነበር። ሳልቀምስ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኳቸው። ጋባዡ በጥሞና አዳመጠኝና ምንም አልመሰለውም።

ከአምስቱ አንዱ የእናትየዋ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከወጣቶቹ ጋር ልጫወት ብለው ግርጌ የተቀመጡ ሽማግሌ። ጎንበስ እንድል በእጃቸው ጠቆሙኝ።

«የኔ ልጅ፣ አባቴ ቤት ጠጅ አሳላፊው ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ብርሌውን ከመስጠቱ በፊት ከዚያው ላይ መዳፉ ውስጥ ጠብ አድርጎ፣ ሰው እያየው ፉት ይላል። ከአንድ ጋን ተቀድቶም ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ።»

መዳፍ ላይ ጠጅ መቅመስን ሰምቼው አውቃለሁ፤ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው ሲባል። ከአንድ ጋን የወጣውን ደግሞ ደጋግሞ መቅመስ ግን እንደዚያ ማታ ትርጉም ሰጥቶኝ አያውቅም። እኔ ከአንድ ካርቶን ወጣ ብዬ ያመንኩትን፣ ያ ሰው ከአንድ ጋን ወጥቶም አላመነውም።

ለመጨረሻው ዙር ሶተርን ነበር፤ የወይን ዘለላው ላይ የወጣ ሻጋታ ፍሬውን አድርቆ ስኳሩን የሚያጠነክርለት ጣፋጭ ወይን። አንዱ ሻጋታ ባበላሸብኝ ማታ ሌላው ያጣፈጠውን መቅዳቴ ገረመኝ። ሁለቱንም ጠርሙስ አጠገባቸው ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩ፣ ከሁለቱም ቀመስኩ፣ ከዚያ ቀዳሁ።

እንግዶቹ ካፖርታቸውን ሲለብሱ ያቺ ወጣት ወደ እኔ መጣች። «ከጠቦቱ ጋር በኋላ ያመጣኸውን ስሙን ጻፍልኝ» አለችኝ። በምግብ ዝርዝሩ ጀርባ ላይ «ሳንቴሚሊዮን፣ ሜርሎ የሚበዛበት» ብዬ ጽፌ ሰጠኋት፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።